በ182 ሜትር ላይ የተያዘው ሐመር፦ በገላን ዳርቻ የተከራየነው ሃይድሮሊክ ጃርና ክሪክ ሲመዘን

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከአቃቂ ተነሥቶ በገላን በኩል እስከ ዱከም በሚዘልቀው ሜዳ ላይ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ባለሙያ ከመሬት በታች የሚያገኘው አለት አንድ ወጥ አይደለም። ከላይ ጥቂት ሜትር መረሬ አፈር አለ፤ ከሥሩ ጠንካራ ባዛልት ይመጣል፤ በባዛልቱ መሐል ደግሞ ቀዳዳ የበዛበትና ሲነኩት የሚፈረፈር ስኮሪያ ይገባል። ውሃውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ይኸው ስኮሪያና የተሰነጣጠቀው ባዛልት ስለሆነ ልንሸሸው አንችልም፤ መሣሪያችንን የሚይዝብንም እርሱ ነው።

ባለፈው ኅዳር ከገላን ወጣ ብሎ ለአንድ አነስተኛ ፋብሪካ ግቢ የሚሆን ጉድጓድ በአየር ሐመር፣ ማለትም በታመቀ አየር እየመታ አለት በሚሰብር መዶሻ፣ እየቆፈርን ሳለ፣ 186 ሜትር ላይ የኮምፕረሰሩ ቱቦ ፈነዳ። ጉድጓዱ 10 ኢንች፣ ሐመሩን የሚይዙት የመቆፈሪያ ቧንቧዎች፣ ማለትም ሮዶቻችን፣ 114 ሚሊሜትር ነበሩ፤ በእነዚህ መካከል ባለው ክፍተት ድቃቂውን አለት ወደ ላይ ለማውጣት አየሩ በሴኮንድ 15 ሜትር ያህል መሮጥ ስላለበት በደቂቃ ወደ 36 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ የሚስበው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ድቃቂውን ለማንሣት የሚረዳ ፎም (አረፋ) እየጨመርን እንኳ ከበቂው በላይ የሚተርፍ አየር አልነበረንም። ቱቦው ሲፈነዳ ወደ ላይ በመውጣት ላይ የነበረው ድቃቂ ሁሉ ተመልሶ ወረደ፤ ከላይ ያለው ስኮሪያም ተደርምሶ ተከተለው። ማሽኑን የያዘው ወጣት ደንግጦ ሮዱን በኃይል ወደ ላይ ሳበው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ 4 ሜትር ያህል ከተነሣ በኋላ ሐመሩ የተከመረበትን ድቃቂ ከላዩ ጠቅጥቆ 182 ሜትር ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ በኋላ መዞርም፣ መውጣትም፣ መውረድም አልቻለም።

በዚህ ጽሑፍ የምመዝነው ሐመሩን ለማስለቀቅ ከሁለት አከራዮች የወሰድናቸውን መሣሪያዎችና ያገኘነውን አገልግሎት ነው። የአከራዮቹን ስም አልጠቅስም፤ ከሁለቱም ጋር ገና የሚያገናኘን ሥራ አለ፣ ጉዳዩም ከስማቸው ይልቅ እኛን መሰል ቆፋሪዎች መሣሪያውን ሲከራዩ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው የሚመለከት ነው።

መጀመሪያ የሄድነው በቅርብ ወደተገኘው አከራይ ነበር። ግቢው በአቃቂ በኩል ነው፤ ትልልቅ የግንባታ ማሽኖችን ያከራያል፣ ከእነርሱም ጋር አንድ ባለ 4 ከሦስት አራተኛ ኢንች ሃይድሮሊክ ጃር፣ ማለትም የተያዘ ብረትን በድንገተኛ ምት የሚያስለቅቅ መሣሪያ፣ አለው። ጃሩ ንጹሕ ነበር፤ ቀለሙ አልተላጠም፤ የመገጣጠሚያ ጥርሱ መከላከያ ቆብ በቦታው ነበረ፤ ዋጋውም ከጠበቅነው በታች ሆነ። የሚያከራየው ሰው የጠየቀን ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፤ ለስንት ቀን እንደምንፈልገውና መያዣውን በቼክ ወይስ በጥሬ ገንዘብ እንደምናስይዝ። እኛም ከዚያ የበለጠ አልጠየቅንም፤ ጥፋቱ የጋራ ነው ማለት ይቻላል።

ሮዶቹን ወደ ግራ አዙረን 168 ሜትር ላይ ካለው መገጣጠሚያ ፈታናቸው። በዚህ ዕድለኞች ነበርን፤ ወደ ግራ ሲዞር የትኛው መገጣጠሚያ እንደሚፈታ ሮዱ ራሱ እንጂ ማንም አይወስንም፤ ከላይ በ30 ሜትር ላይ ቢፈታ ኖሮ ሌላ ታሪክ እንጽፍ ነበር። ከታች የቀሩት ሁለት ሮዶችና ሐመሩ ናቸው። ጃሩን በሮዶቹ ጫፍ አሥረን አወረድን፣ በፎም እያጠብን የቀረውን ሮድ አገኘነው፣ መልሰን ገጠምነው፣ መሳብም ጀመርን። 23 ጊዜ መታን። ከላይ የሚሰማው በር በእርጋታ ሲዘጋ የሚሰማውን ያህል ነበር፤ የጌጁ መርፌ በመጠኑ ይንቀጠቀጣል፤ ሮዱ ላይ በኖራ ያሰመርነው ምልክት ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ከመካከላችን ጃሩ ተበላሽቷል ያለ ነበረ። እንደምመሰክረው ጃሩ አልተበላሸም ነበር፤ የተሠራው ለእኛ ዓይነት ጉድጓድ አልነበረም እንጂ።

ይህን ለመረዳት ጃር እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። የመሣሪያው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ የካናዋ ሸለቆ የጨው ውሃ ጉድጓዶችን ይቆፍር የነበረው ዊሊያም ሞሪስ እንደ ሰንሰለት ቀለበት ተጠላልፈው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ሁለት የብረት ቁራጮችን በ1841 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዝግቦባቸዋል። የተያዘ ብረት ቀስ ብሎ ሲሳብ የማይለቅ ሆኖ ሳለ በድንገት ሲመታ ይለቃል፤ ሚስማር የነቀለ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በሃይድሮሊኩ ጃር ውስጥ ግን ድንገተኛውን ምት የሚፈጥረው ዘይት ነው። አንድ ውስጠኛ ዘንግ በውጫዊ አካል ውስጥ ይንሸራተታል፤ በመካከላቸው በዘይት የተሞላ ክፍል አለ፤ ዘንጉ ላይ ያለው ፒስተን ዘይቱን የሚያሳልፈው በጣም ጠባብ በሆነ ቀዳዳ ነው። ከላይ ስንስብ ዘይቱ ቀስ እያለ ስለሚያልፍ ዘንጉ ወዲያው አይወጣም፤ በዚህ የመዘግየት ጊዜ፣ ይኸውም በእኛ መሣሪያ ከአንድ ደቂቃ የሚቀራረብ ነበር፣ ሮዶቹ እንደ ተለጠጠ ጎማ ኃይል ያጠራቅማሉ። ፒስተኑ የክፍሉ ግድግዳ ሰፋ ወዳለበት ቦታ ሲደርስ ዘይቱ በአንድ ጊዜ በዙሪያው ያልፋል፤ የሚይዘው ነገር ስለሌለ የተለጠጠው ሮድ ተመልሶ ይሸመቀቃል፤ ዘንጉን ይዞ ይፈተለካል፤ ዘንጉ ላይ ያለው መዶሻም ከመስፉ ጋር ይጋጫል። ምቱ ከሳብንበት ኃይል በብዙ እጥፍ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ሮዱን መልሶ ዝቅ በማድረግ ጃሩን መዝጋትና እንደገና መሳብ ነው።

ከሜካኒካሉ ጃር የሚለይበት ዋና ነገር የምቱ መጠን በቆፋሪው እጅ መሆኑ ነው። ሜካኒካሉ የሚለቅበት ኃይል በጋራዥ ውስጥ አስቀድሞ ይስተካከላል፤ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ በኋላ ያው ነው። ሃይድሮሊኩ ግን ትንሽ ሲሳብ ቀስ ብሎ በትንሹ፣ ብዙ ሲሳብ ደግሞ ፈጥኖ በብዙ ይመታል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የምት ኃይልን ከትንሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማሳደግ የሮድን ጥርስ ከመሰንጠቅ ያድናል።

እንግዲህ ችግሩ ያለው ከመለጠጡ ላይ ነው። የእኛ ሮድ የብረቱ ግድግዳ ስፋት በመስቀለኛ ቆረጣ ሲለካ ወደ 28 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። 180 ሜትር የሚረዝም እንዲህ ያለ ሮድ ከራሱ ክብደት በላይ በ10 ቶን ሲሳብ የሚለጠጠው 3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ጃሩ ከተለቀቀ በኋላ መዶሻው መስፉን ለማግኘት የሚጓዘው በእጃችን ለክተን እንዳየነው ወደ 18 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ የሮዱ መሸመቀቅ ገና በጉዞው አንድ ስድስተኛ ላይ ያበቃል፤ የቀረውን 15 ሴንቲሜትር የሚጎትተው የማሽኑ ገመድ ነው፤ የማሽን ገመድ ደግሞ አይፈተለክም። መሣሪያው የታሰበው ለነዳጅ ጉድጓድ ነው፤ በ3,000 ሜትር ላይ ተመሳሳይ ሮድ በተመሳሳይ ኃይል ግማሽ ሜትር ስለሚለጠጥ መዶሻው እስከ መጨረሻው በፍጥነት ይሄዳል። በእኛ አገር አብዛኛው የውሃ ጉድጓድ የዚያን አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ይህን ሒሳብ ሁለተኛው አከራይ ከመንገራችን በፊት ማንም አልነገረንም፤ እኛም በወረቀት ላይ ቁጭ ብለን አልሠራነውም ነበር።

ሁለተኛው አከራይ የሚገኘው ከገላን ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ግቢው ለዓይን አያምርም። ከፊት ያረጁ ኬዚንጎች ተከምረዋል፤ ከኋላ ቶርኖ ቤት አለ፤ ቢሮው ከኮንቴነር የተሠራ ነው። የቶርኖ ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ፣ ሠራተኞቻቸው ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸው ሰው ናቸው። ጃር እንደምንፈልግ ስንነግራቸው ወደ መጋዘኑ አልወሰዱንም፤ በር ላይ ካለች አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው ጠየቁን። ሮዱ የተያዘው ወደ ላይ ስትስቡት ነው ወይስ ወደ ታች ስትልኩት? ከተያዘ በኋላ አየር ወይም ፎም በአፉ ይመለሳል ወይስ ታፍኗል? ስንት ቶን ስትጨምሩበት ስንት ሴንቲሜትር ተለጠጠ? የመጨረሻውን ስላልለካነው መልሰው ላኩን። በዚያ ቀን ተናድጄ ነበር፤ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ነው የሄደብን። አሁን ግን ለአገልግሎቱ ከምሰጠው ምስጋና ግማሹ ለዚያች ጥያቄ ነው።

ልኬቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው አከራይ ጃር ከጉድጓዱ ከወጣና ሮዶቹ እንደገና ከቀረው ክፍል ጋር ከተገጠሙ በኋላ ትንሽ ስበን ምልክት አደረግን፣ 8 ቶን ጨምረን ሌላ ምልክት አደረግን፣ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ለካን፤ 2.4 ሴንቲሜትር ሆነ። ከብረቱ ስፋትና ከመለጠጥ ባሕርዩ ጋር ሲሰላ የተያዘው ወደ 180 ሜትር አካባቢ፣ ማለትም ልክ ከሐመሩ አናት ላይ ነው ማለት ነው። ሮዱ ከዚያ በላይ በሌላ ቦታ አልተነከሰም። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጠንቀቅ ይገባል፤ በአንድ ሚሊሜትር ብንሳሳት ሒሳቡ በ7 ሜትር ተኩል ይስታል፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ ለክተን አማካዩን ወሰድን፣ ምልክቱንም በኖራ ሳይሆን በቢላ ጫፍ አሰመርነው።

በማግስቱ ልኬቱን ይዘን ስንሄድ የተሰጠን መሣሪያ አንድ ጃር ብቻ አልነበረም። ከጃሩ በላይ የሚገጠሙ ስድስት ባለ 4 ከሦስት አራተኛ ኢንች ኮላሮች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ከ600 ኪሎ የሚበልጡ ወፍራም የብረት ቧንቧዎች፣ ከእነርሱም በላይ አክስለሬተር የሚሉት ሌላ መሣሪያ ተጨመረ። ኮላሮቹ የመዶሻው ክብደት ናቸው፤ ቀላል ሮድ ከላዩ ያለው ጃር በማንኪያ እንደመምታት ነው። ነገር ግን ኮላር 54 ሜትር ሲይዝ የሚለጠጠው ሮድ ወደ 106 ሜትር ያጥራል፤ መለጠጡም ለ10 ቶን ከ2 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ክብደት ስንጨምር ስፕሪንጉን እናሳጥራለን። አክስለሬተሩ የሚገባው ይህን ለማካካስ ነው፤ በውስጡ ሲጨመቅ የሚጠብና ሲለቀቅ የሚስፋፋ ፈሳሽ ወይም ጋዝ ታሽጎበታል፣ ስለዚህ በአጭር ሮድ ፋንታ እርሱ ራሱ ስፕሪንግ ሆኖ ከሥሩ ያሉትን ኮላሮች ወደ ላይ ይወረውራል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ምቱ ወደ ላይ ወጥቶ ማሽኑን እንዳይንጠው ያለዝባል። ለአጭር ጉድጓድ ያለ አክስለሬተር ሃይድሮሊክ ጃር መከራየት ገንዘብን ጉድጓድ ውስጥ መጣል ነው ብዬ ለመጻፍ አላመነታም።

የጃሩ ጥርስና የሮዶቻችን ጥርስ አይገጥሙም ነበር። የመጀመሪያው አከራይ ሁለቱን የሚያገናኘውን አዳፕተር ራሳችሁ አሠሩ ብሎን ሁለት ቀን ቶርኖ ቤት ተንከራተናል። እዚህ ግን ሁለቱም አዳፕተሮች ከመሣሪያው ጋር ነበሩ፣ ጥርሳቸውም በቀለም ተመርምሮ ስንጥቅ እንደሌለበት በምልክት ተጽፎበታል። የኮላሮቹ ጥርስ ግን አልተመረመረም፤ በዓይናችን አይተን ነው የወሰድነው።

ወደ ሥራው ስንመለስ፣ ጋሼ በመጀመሪያ ወደ ላይ እንዳንመታ አስጠነቀቁን። ሐመሩ የተያዘው ወደ ላይ ሲሳብ ስለሆነ ከላዩ ያለውን ድቃቂ ይበልጥ የሚጠቀጥቀው ወደ ላይ መምታት ነው፤ በፊት በነበሩት 23 ምቶች ያደረግነውም ይህንኑ ነበር። ከሐመሩ በታች ግን የራሳችን የ4 ሜትር ባዶ ጉድጓድ አለ። ስለዚህ በኮላሮቹ ክብደት ወደ ታች መምታት፣ በየምቱ መካከልም ፎም እየላክን በቀስታ ወደ ቀኝ ለማዞር መሞከር ነበረብን። ወደ ታች ሲመታ የሚሠራው ከላይ ያለው ክብደት ብቻ ስለሆነ ምቱ ከወደ ላዩ ይደክማል፤ ለዚህም ነው ኮላሮቹ ማነስ የማይገባቸው። በ14ኛው ምት የፎሙ ግፊት ወረደ፤ ጥቂት ቆይቶም በጉድጓዱ አፍ ቀላ ያለ ፎም ወጣ። ማዞሪያው ሩብ ዙር ሄደ። በዚያች ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ጥበቃው እንኳ ከበሩ ተነሥቶ መጣ።

ከዚያ በኋላ ወደ ላይ መምታት ጀመርን። በ6 ቶን ጭማሪ ጀምረን እስከ 10 ቶን ወጣን። የምቱ ድምፅ ከመጀመሪያው ጃር ጋር አይመሳሰልም፤ መሬቱ ከእግር በታች ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። በመሣሪያው ላይ ያስተዋልኩት አንድ ነገር፣ በተከታታይ አሥር ያህል ምት ከተመታ በኋላ የመዘግየቱ ጊዜ ማጠሩ ነው፤ በመጀመሪያ አንድ ደቂቃ የነበረው ወደ 40 ሴኮንድ ወረደ። ዘይቱ በመጋጨቱና በጠባቡ ቀዳዳ በማለፉ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ቶሎ ያልፋል። ቆፋሪው የታሰበውን ኃይል ስቦ ሳይጨርስ ጃሩ ከተለቀቀ ምቱ ይደክማል። በየአሥር ምቱ ሩብ ሰዓት ማሳረፉ ከወረቀቱ መመሪያ ጋርም የሚስማማ ነው፤ ሰው ሲቸኩል ግን የመጀመሪያው የሚዘለው ይኸው ነው። በ41ኛው የወደ ላይ ምት ምልክቱ በአንድ ጊዜ 9 ሴንቲሜትር ተነሣ።

ምት ሲጀመር ማንም ከማሽኑ አጠገብ እንዳይቆም ማድረግ ግዴታ ነው። ከየአሥሩ ምት በኋላ የማስቱን፣ ማለትም የማሽኑን ምሰሶ፣ ብሎኖችና ፒኖች፣ የገመዱንም መያዣ ዞረን አይተናል፤ ሁለት ብሎኖች ላልተው አግኝተናል።

ሆኖም ሐመሩ ተንቀሳቀሰ ማለት ወጣ ማለት አይደለም። ማሽናችን የሚስበው ቢበዛ 20 ቶን ነው፤ ከላይ ያለው ሮድ፣ ኮላርና መሣሪያ ብቻ ወደ 7 ቶን ይመዝናል፤ ከጎን የሚፈረፈረው ስኮሪያም ሐመሩን በየሴንቲሜትሩ ይታገለዋል። እዚህ ላይ ነው ከዚሁ ግቢ የተከራየነው ሃይድሮሊክ ክሪክ የገባው። ክሪኩ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ከላያቸው ሮዱን የሚነክስ ባለ ጥርስ ስሊፕ፣ ከሥራቸው ሌላ ስሊፕ ያለው ወለል፣ እንዲሁም በናፍጣ ሞተር የሚሠራ ፓምፕ ነው። ሲሊንደሮቹ ውስጣቸው 150 ሚሊሜትር ስለሆነ በ200 ባር ግፊት ከ70 ቶን በላይ ያነሣሉ። እኛ ከ45 ቶን አላለፍንም፣ በጌጁ ላይም 125 ባር ገደማ ነበር። ከዚያ በላይ ለመሄድ ሮዱ ራሱ በስሌት የሚችል ይመስላል፤ የቆየ የመገጣጠሚያ ጥርስ ግን በስሌት አይታመንም፣ ጃሩና አክስለሬተሩም ወሰን አላቸው።

በገላን ሜዳ ላይ የክሪክ ትልቁ ጠላት ሮዱ ሳይሆን መረሬው ነው። መረሬ አፈር በደረቀ ጊዜ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ከፎሙ ጋር ውሃ ስለፈሰሰበት ክሪኩ ባነሣ ቁጥር እርሱ ራሱ ይሰጥም ነበር። ከግቢው የተሰጠን የብረት ሰሌዳ አነስተኛ ነበር። ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንዶች በመስቀል ደርድረን፣ ሰሌዳውን ከላያቸው አድርገን፣ ጭነቱ ወደ 4 ካሬ ሜትር እንዲበተን ካደረግን በኋላ ነው የተረጋጋው። አከራዩ ሰፋ ያለ ሰሌዳ ከክሪኩ ጋር ቢያቀርብ ግማሽ ቀን ያተርፍልን ነበር። ክሪኩ በአንድ ጊዜ የሚያነሣው 50 ሴንቲሜትር ስለሆነ አንድ ባለ 6 ሜትር ሮድ ለማውጣት 12 ጊዜ ማንሣት፣ መንከስ፣ መልቀቅ ያስፈልጋል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ነገር ግን እንደ ጃሩ ያለ ንዝረት የለውም፣ ፓምፑም ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ አልቆመም። ሁለት ሮድ ካወጣን በኋላ ሐመሩ ከስኮሪያው ወጥቶ ወደ ባዛልቱ ስለገባ የቀረውን ማሽናችን በራሱ ኃይል አወጣው። የሐመሩ ቢት ላይ ካሉት ጥርሶች ሦስቱ ተነቅለዋል፤ ሌላው ደኅና ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ጃሩ ከ50 ምት በኋላ ከላይኛው ሲል (የዘይት ማገጃ ቀለበት) ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ይህ በተገለገለ መሣሪያ ላይ የሚጠበቅ ነው፤ የማይጠበቀው ግን ጃሩ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተፈትቶ ሲሉ እንደተቀየረ የሚያሳይ መዝገብ በግቢው አለመኖሩ ነው። ጠየቅን፤ ባለፈው ክረምት እንደሆነ በቃል ተነገረን። በጋራዥ ውስጥ ተስቦ የመዘግየት ጊዜው የተለካበት ወረቀትም አልነበረም። ጉድጓድ ውስጥ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ ጃሩ ተራ ቧንቧ ሆኖ እንደሚቀር ለሚያውቅ ሰው፣ እንዲህ ያለ መዝገብ ትርፍ ነገር አይደለም።

ከመሣሪያው ጋር የተሰጠን የኃይልና የመዘግየት ሠንጠረዥ በእንግሊዝኛ፣ ክብደቱም በፓውንድ ነበር፤ የእኛ ጌጅ ደግሞ በቶን ነው። አንድ ቶን ወደ 2,205 ፓውንድ ስለሆነ ማባዛቱ ከባድ አይደለም፤ ሌሊት ደክሞት በቆመ ቆፋሪ እጅ ግን ስህተት መግባቱ አይቀርም። የቶርኖ ቤቱ ኃላፊ ይህን ሲሰሙ በወረቀት ላይ ቁጥሮቹን በቶን ለውጠው፣ በአማርኛ አርዕስት ጽፈው ሰጡን። ይህ በጎ ሥራ ነው፤ ግን ሠንጠረዡ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሊጠብቀን ይገባ ነበር።

የኪራይ አከፋፈሉም ያከራክራል። ኪራዩ የሚቆጠረው መሣሪያው ከግቢው ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ በአክስለሬተሩ ክብደት የተነሣ ክሬን ያለው መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናውን የምናቀርበው እኛ ነን። እሑድን ሳንሠራ ስላሳለፍን ቅናሽ ጠይቀን፣ መሣሪያው ጉድጓድ ውስጥ እስካለ ድረስ እሑድም ቀን ነው ተባልን። በውሉ ላይ ስላልተጻፈ ተከራክረን በግማሽ ተስማምተናል። እንደዚህ ያለውን ከመፈረም በፊት ማጻፍ ይሻላል። በአጠቃላይ የከፈልነው ከመጀመሪያው አከራይ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ በመጀመሪያው አከራይ ጃር ግን ማሽናችንና ሠራተኞቻችን አምስት ቀን ቆመዋል፣ በዚህኛው ጊዜ ሥራው በሦስት ቀን አልቋል። የማሽን ቀን ዋጋ ያለው ሰው የትኛው እንደረከሰ ራሱ ያሰላል።

ስለ መጀመሪያው አከራይ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ መሣሪያው በ400 ሜትርና ከዚያ በላይ ለሚቆፈሩ ጉድጓዶች፣ በቂ ኮላር ላለው ሰው ሊያገለግል ይችላል። እኔ ግን ጥልቀቱ 250 ሜትር የማይሞላ ጉድጓድ ለሚቆፍር ሰው አልመክረውም። ሁለተኛውን ግቢ እመክራለሁ፤ ከክሪኩ ጋር የሰሌዳ ጉዳይን፣ ከጃሩ ጋር ደግሞ የሲል መዝገብን አስቀድሞ ጠይቆ መሄድ እስከሆነ ድረስ።

ጃሩን የመለስን ዕለት ሠራተኞቹ ወዲያው በጠረጴዛ ላይ አውጥተው ፈቱት። የተቆረጠው ሲል በእጃችን ተሰጥቶን አየነው፤ ጠርዙ ላይ የስኮሪያ ቅንጣት ተጣብቆበታል። ጋሼ የተቀየረበትን ቀን በአንድ አሮጌ ደብተር ላይ ጻፉ፣ መያዣችንንም ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ መለሱልን፤ የአንድ አዳፕተር ጥርስ ስለተጫረ ለማስተካከያ ብቻ የተወሰነ ገንዘብ ቀነሱ።